የእድሩ መዝገብ የት ነው የተቀመጠው?

ባለፈው ክረምት አጎቴ ጠሩኝ። ደብረ ብርሃን ውስጥ የሰፈራቸው እድር ጸሐፊ ናቸው። "አንተ ኮምፒውተር ነካ ነካ ታደርግ የለ፣ እስቲ ይሄን ገላግለኝ" ብለው መዝገቡን ሰጡኝ። ጠርዙ የተበላ፣ ስሞች ተሰርዘው ከጎናቸው በሌላ እስክሪብቶ የተጻፉበት፣ አንዳንዱ ገጽ በውሃ የደበዘዘ መዝገብ ነው። ሰው ሲሞት ሌሊት የሚገለጠው እሱ ነው። ለቅሶ ቤት ተቀምጦ "የጥር ወርን ከፍላችኋል ወይ?" ብሎ መጠየቅ ደግሞ ነውር ነው። ስለዚህ መዝገቡ መሳሳት የለበትም።

መዝገቡን ወደ ኮምፒውተር ማዛወሩ ቀላል መሰለኝ። አንድ የኤችቲኤምኤል (የድረ ገጽ) ፋይል፣ ገጹን የሚያሰራ ትንሽ የጃቫስክሪፕት ኮድ፣ በቃ። ሰርቨር አያስፈልግም፣ ኢንተርኔትም አያስፈልግም። በፍላሽ ወስጄ የጋሼ ላፕቶፕ ላይ ገለበጥኩት፣ ሁለቴ ጠቅ ሲያደርጉት ክሮም ላይ ይከፈታል። መረጃውን ሎካል ስቶሬጅ ውስጥ አስቀመጥኩት፣ ማለትም ብራውዘሩ ራሱ ጋ። ሁለት ወር ያለ ችግር ሰራ።

ከዚያ አንድ የቤት ልጅ "ላፕቶፑ ከበደ" ብሎ ብራውዘሩን አጸዳው። ታሪኩን፣ ኩኪውን፣ ሁሉንም። የእድሩ መዝገብም አብሮ ሄደ። ልጁ ምንም አላጠፋም፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ደግነቱ ጋሼ የደረሰኝ ጉርዶቹን አልጣሉም ነበር። ሦስት ማታ ጋቢ ላይ ባና ደርበን፣ እሳቸው እያነበቡ እኔ እየጻፍኩ መልሰን ሞላነው።

ይሄን የምጽፈው እንደኔ ኢንተርኔት ለማይደርስበት ቦታ ነገር ለምትሰሩ ነው። ብራውዘር ውስጥ የተቀመጠ መረጃ የባለቤቱ አይደለም። ሎካል ስቶሬጅ በአንድ ድረ ገጽ 5 ሜጋባይት ገደማ ነው የሚይዘው። ሌላው የብራውዘር ማስቀመጫ፣ ኢንዴክስድ ዲቢ፣ በጣም ብዙ ይይዛል፣ ግን ዲስኩ ሲጠብብ ብራውዘሩ ሳይጠይቅ ሊያጠፋው ይችላል። የአፕል ብራውዘር ሳፋሪ ደግሞ ከ2020 (በፈረንጆቹ) ጀምሮ፣ ብራውዘሩን በተጠቀማችሁባቸው 7 ቀናት ውስጥ ድረ ገጹን ካልነካችሁት በጃቫስክሪፕት የተቀመጠውን ይሰርዛል። እድር በወር አንዴ ነው የሚሰበሰበው፤ አስቡት። እንዲህ በዲስክ ላይ ያለን ፋይል በቀጥታ ስትከፍቱ ደግሞ ፋይሉን ወደ ሌላ ፎልደር ብታዛውሩት መረጃው ይከተላል የሚል ዋስትና የለም፣ እንደየብራውዘሩ ይለያያል።

ስለዚህ መዝገቡ ጋሼ በዓይናቸው የሚያዩት፣ ስም የሚያወጡለት፣ ፍላሽ ላይ የሚገለብጡት ፋይል መሆን አለበት።

የድሮው መንገድ አሁንም ይሰራል። ለመክፈት ፋይል መምረጫ ቁልፍ ታስቀምጣላችሁ፣ ሰውየው ይመርጣል፣ ፋይል ሪደር የሚባለው የጃቫስክሪፕት መሣሪያ ያነብላችኋል። ለማስቀመጥ መረጃውን ብሎብ (ገና ያልወረደ፣ ፋይል መሰል ጥቅል) አድርጋችሁ፣ ዳውንሎድ የሚል ባህርይ ባለው ሊንክ ታወርዱታላችሁ። የትኛውም ብራውዘር ላይ ይሄዳል። ችግሩ ገጹ የድሮውን ፋይል መተካት አይችልም፣ በየጊዜው አዲስ ያወርዳል። የጋሼን ዳውንሎድስ ፎልደር ስከፍት "እድር"፣ "እድር (1)"፣ "እድር (2)" እያለ እስከ "እድር (14)" ተደርድሯል። የቱ ነው የመጨረሻው? ስለዚህ ቀኑን በኛ አቆጣጠር ስሙ ላይ ጨመርኩበት፤ "እድር-2017-02-05" ብሎ ይወርዳል። አሁን ጋሼ አይተው ያውቁታል።

ገጹ እንደ ልቡ ፋይል እንዳይነካ መከልከሉ ደግሞ ተገቢ ነው። ካልተከለከለማ የከፈታችሁት ድረ ገጽ ሁሉ ሰነዳችሁን ያነብ ነበር። ባለቤቱ ራሱ መርጦ መስጠት አለበት።

አዲሱ መንገድ ክሮም 86 ላይ በ2020 (በፈረንጆቹ) የመጣው፣ ገጹ ባለቤቱ በፈቀደው ፋይል ላይ እንዲጽፍ የሚያስችለው የፋይል ሲስተም አክሰስ ኤፒአይ ነው። ጋሼ "ክፈት"ን ተጭነው ፋይሉን ይመርጣሉ፣ ይፈቅዳሉ፣ ከዚያ "አስቀምጥ" ሲሉ እዚያው ፋይል ላይ ይጻፋል። በጣም የወደድኩት ግን አጻጻፉን ነው። ብራውዘሩ መጀመሪያ የሚጽፈው ጊዜያዊ ቅጂ ላይ ነው፣ ዋናውን የሚተካው ጽሑፉ አልቆ ሲዘጋ ብቻ ነው። የላፕቶፑ ባትሪ ሞቷል፣ በቀጥታ በመብራት ነው የሚሰራው፤ መሃል ላይ መብራት እልም ቢል የድሮው መዝገብ እንዳለ ይገኛል። እኛ ጋ ይሄ ትልቅ ነገር ነው። ፋየርፎክስና ሳፋሪ ይሄን መምረጫ የላቸውም፣ ስለዚህ ኮዴ መኖሩን ያያል፣ ከሌለ ወደ ድሮው መንገድ ይሄዳል። ሁለቱንም ጻፉ፣ ሰነፍ አትሁኑ።

ድረ ገጽ ያለ ኢንተርኔት እንዲከፈት የሚያደርገውን ሰርቪስ ወርከርም ሞክሬ ነበር። በዲስክ ላይ ካለ ፋይል አይነሳም፣ ገጹ ቢያንስ አንዴ በኤችቲቲፒኤስ፣ ማለትም ከኢንተርኔት ሰርቨር፣ መጫን አለበት። ተውኩት።

አማርኛ ላይ ግን አንድ ነገር ልብ በሉ። የእድሩ ዳኛ ዝርዝሩን በኤክሴል እንይ አሉ፣ በሲኤስቪ፣ ማለትም በኮማ በተለየ ተራ የጽሑፍ ፋይል፣ አወጣሁላቸው። ሲከፍቱት ስም የለም፣ ምልክት ብቻ። "ይሄ ምንድነው፣ ዓረብኛ ነው?" አሉ ጋሼ መነጽራቸውን ከፍ ዝቅ እያደረጉ። ፋይሉ ጤነኛ ነው፤ በዩቲኤፍ 8 (ፊደልን ወደ ቁጥር መቀየሪያ ስርዓት) አንድ የአማርኛ ፊደል 3 ባይት ይይዛል፣ ኤክሴል ግን ኮዱ ዩቲኤፍ 8 መሆኑን አላወቀም፣ ባይቱን አንድ በአንድ አነበበው። ፋይሉ መጀመሪያ ላይ ባይት ኦርደር ማርክ የሚባለውን የማይታይ ምልክት ስጨምር ስሙ ሁሉ ቁጭ አለ። አንድ መስመር ኮድ ናት። ግን እሷ ባትኖር ዳኛው ወደ ወረቀቱ እንመለስ ብለው ነበር።

አሁን ጋሼ ከስብሰባ በኋላ "አስቀምጥ"ን ይጫናሉ፣ ፋይሉን ፍላሹ ላይ ይገለብጣሉ፣ ፍላሹን የእድሩ ማህተም ያለበት የብረት ሳጥን ውስጥ ይቆልፋሉ። የሳጥኑ ሁለተኛ ቁልፍ ገንዘብ ያዡ ጋ ነው።