ድዴ ሲደማ መፋቂያዬን ጣልኩ

ስኳር እንዳለብኝ ካወቅኩ አራተኛ ዓመቴ ነበር። ማለዳ ከሽምብጥ ሰፈር ተነስቼ እስከ ጣና ዳር እራመዳለሁ፤ እንጀራ ቀንሻለሁ፤ የስኳር መድኃኒቴን ሜትፎርሚንንም አላቋርጥም። ስኳሬ ግን አልወርድ አለ።

በዚያው ሰሞን መፋቂያዬ ነጭ ሆኖ ገብቶ ጫፉ ቀይ ሆኖ ይወጣ ጀመር። መፋቂያው የጎዳኝ መስሎኝ መፋቅ ተውኩ። እስከ ዛሬ የሚያንገበግበኝ ይህ ነው። ድድ ብዙውን ጊዜ የሚደማው ጥርስ ሥር በተከማቸ ባክቴሪያ ሲቆጣ ነው፤ ማጽዳት ማቆም ደግሞ ባክቴሪያውን ማርባት ነው። እ.ኤ.አ. በ1965 ሃራልድ ሎ የተባለ ተመራማሪ 12 ሰዎች ጥርሳቸውን እንዳያጸዱ አድርጎ ነበር፤ በሦስት ሳምንት ውስጥ የሁሉም ድድ ተቆጣ፤ ማጽዳት ሲጀምሩ ዳነ።

ለስኳር ክትትል ስሄድ «ድዴ ይደማል» አልኩ። ባለሙያው ከካርዱ ቀና እንኳ ሳይል «እሱ የጥርስ ክፍል ነው» አለኝ። ግማሽ ቀን ወረፋ ጠብቄ ጥርስ ክፍል ገባሁ። «የትኛው ጥርስ ነው የሚያምዎት?» የሚያመኝ የለም። «እንግዲያው ሲያምዎት ይምጡ።» አፌን ሳልከፍት ወጣሁ! የድድ በሽታ አጥንት እስኪበላ ድረስ ላያም እንደሚችል ያን ቀን የነገረኝ ሰው ቢኖር ኖሮ አንድ ጥርስ ባተረፍኩ ነበር። ተናድጄ በራሴ ፈቃድ ሁለት ጊዜ አሞክሲሲሊን የተባለውን ፀረ-ባክቴሪያ መድኃኒት ገዝቼ ዋጥኩ። ደሙ ጋብ ብሎ ተመለሰ። ባክቴሪያው ጥርስ ላይ በተጣበቀ ንብርብር ውስጥ ስለሚኖር፣ ንብርብሩ ካልተፋቀ መድኃኒት ብቻውን አያጠፋውም።

ቆሎ ስበላ አንድ የመንጋጋ ጥርሴ ተነቃነቀ። ሌላ ቦታ ያገኘኋት ሐኪም ቀጭን መለኪያ በድድና በጥርስ መካከል እያስገባች ቆጠረች፦ «አምስት፣ ስድስት፣ ሰባት።» ጤነኛ ድድ ከሦስት ሚሊ ሜትር አያልፍም። ነጭ የደም ሴሎች ባክቴሪያውን ሲዋጉ የሚለቁት ነገር የራሴኑ ድድና አጥንት እንደሚበላ፣ የድዱ ቁጣ በደም ተሰራጭቶ ስኳርን የሚቀንሰውን የኢንሱሊንን ሥራ እንደሚያዳክም፣ ከፍ ያለ ስኳር ደግሞ በተራው ነጭ የደም ሴሎችን እንደሚያደክም ያስረዳችኝ እሷ ናት።

ጥርሴን ከነሥሩ በሁለት ቀጠሮ አሳጠብኩ። የተነቃነቀው ተነቀለ። ከሦስት ወር በኋላ ስኳሬ ትንሽ ወረደ፤ ሜትፎርሚኑን ግን አልተውኩም።

ጥርስ በየስድስት ወሩ ይታይ ይባላል። ስኳር ኖሮበት ድዱ ለደማ ሰው ይህ አይበቃም፤ እኔ በየሦስት ወሩ እሄዳለሁ። በስኳር ክትትልም ወንበሩ ላይ ከመቀመጤ በፊት «መጀመሪያ ድዴን ይዩልኝ» እላለሁ።