ሰላምታ በ9600

ከቀኑ ሰባት ሰዓት። የድሬዳዋው ከዚራ ጭር ብሏል፤ ሱቆቹ ተዘግተዋል፣ ባጃጆቹም ጥላ ይዘዋል። ይህ ሙቀት ሰውን ወይ ያስተኛዋል ወይ ያነጫንጨዋል፣ ዛሬ እኔን የያዘኝ ሁለተኛው ነው። ስክሪኑ ላይ አንድ ግራጫ መስኮት ባዶውን ተገትሯል። መስኮቱ የሚመጣው ማዶ ካለ ሌላ ኮምፒውተር ነው፤ ያ ሳጥን የኔትወርክ መሰኪያ የለውም። ያለችው አንዲት ሲሪያል ፖርት ናት፣ ቢቱን አንድ በአንድ የምታሳልፍ። እሷ ላይ ፒፒፒ (ተራ ሽቦን ኔትወርክ የሚያደርገውን ስልት) አስነስቶ፣ የኤክስን (የአንዱን ኮምፒውተር መስኮት ሌላው ላይ የሚያሳየውን ሥርዓት) መስኮት በዚያች ቀዳዳ መጎተት ነው።

በሰከንድ 9600 ቢት ሲባል 1200 ባይት የሚመስለው ይኖራል። 960 ነው። እያንዳንዱ ባይት መነሻና መዝጊያ ቢት ስለሚጨመርለት 8ቱ 10 ይሆናሉ። በፈጣኑ፣ በ115200 ቢት፣ ደግሞ 11520 ባይት። 1024 በ768 ስክሪን በ16 ቢት ቀለም ሳይጨመቅ ከ1.5 ሚሊዮን ባይት በላይ ነው፤ በፈጣኑ 2 ደቂቃ ከሩብ፣ በቀርፋፋው 27 ደቂቃ። ቡና ተቆልቶ፣ ተወቅጦ፣ ጀበናው ይጣዳል።

ኤክስ ግን ሲፈጠር ሥዕል ጫኝ አልነበረም። «እዚህ ጋ ይህን ጻፍ» ብሎ አዝዞ ያልፋል። ኤክስተርም፣ የኤክስ የጽሑፍ ትእዛዝ መስኮት፣ በድሮው ፎንት 80 ፊደል ያለው መስመር ሲጽፍ ትእዛዙ 96 ባይት ነው። ያው መስመር ባለ 6 በ13 ፒክስል ፎንት ተስሎ እንደ ሥዕል ቢላክ 12480 ባይት ይሆናል፣ በ115200 እንኳ ከሰከንድ ያልፋል። አዳዲሶቹ ፕሮግራሞች ብዙ ጊዜ ራሳቸው ስለው ነው የሚልኩት። ለዚህ መስመር የሚሆነው ያረጀው፣ አስቀያሚው፣ ግራጫው ፕሮግራም ነው።

ከባይቱ በላይ የሚገድለው ደግሞ ጥያቄው ነው። ፕሮግራሙ ሲነሳ «የዚህ ስም ቁጥሩ ስንት ነው?» ይላል፤ መልሱ እስኪመጣ ቁጭ። ቀጥሎ ሌላ ስም፤ ቁጭ። እንደ ገጠር ሰላምታ፦ እንደምን ከረማችሁ፣ ልጆቹስ፣ ከብቱስ፣ ዝናቡስ። በስልክ መስመር፣ በሞደም፣ አንዱ ምልልስ 150 ሚሊሰከንድ ቢፈጅና ጥያቄው 200 ቢሆን፣ ምንም ሳይሣል 30 ሰከንድ አለቀ። ይህን ምልልስ መጭመቅ አያሳጥረውም። ስሞቹን ሁሉ ጠቅልሎ ባንዴ የሚጠይቅ ጥሪ ኤክስ ውስጥ አለ፣ የሚጠቀምበት ፕሮግራም ግን ሁሉም አይደለም።

ኤክስ በተፈጥሮው የድሬ ልጅ ነው እኮ። አንቱታ የለ፣ ደጅ ጥናት የለ፤ ትእዛዙን ይወረውርና መልስ ሳይጠብቅ ወደሚቀጥለው ይሄዳል። አቦ፣ ሥነ ሥርዓቱን ያመጡበት በላዩ የተደረቡት ፕሮግራሞች ናቸው።

ገመዱም ራሱን የቻለ ጣጣ ነው። ከመሰኪያው ዘጠኝ እግሮች 2 ከ3፣ 7 ከ8 ይጠላለፋሉ፤ 5 ከ5 ቀጥታ። 7ና 8 የሌሉበት ባለሦስት ሽቦ ገመድ ጽሑፍ ሲያሳልፍ ውሎ መስኮት ሲከፈትበት ይገለጣል፤ «ቆይ፣ ሞላብኝ» የሚባባሉት በእነሱ ነውና። የድሮው የፖርት ቺፕ የሚይዘው አንድ ባይት ነው፣ 16550ኤ የሚባለው ቺፕ 16። ባይት ሲፈስ ፒፒፒ ፓኬቱን፣ ባይቶቹ የታሰሩበትን ጥቅል፣ ይጥለዋል፣ ላኪው ጠብቆ ይደግመዋል። የስሕተት መልእክት አይወጣም፣ ዝም ብሎ ይንቀራፈፋል። ሰውም መስመሩን ይረግማል።

ፓኬቱም ይነስ። 1500 ባይት በ9600 ከሰከንድ ተኩል በላይ መስመሩን ይዘጋል፣ የጫንከው ፊደል ምላሽ ከኋላው ተሰልፎ። 296 ቢደረግ፣ በሁለቱም ጫፍ፣ ሲሶ ሰከንድ ነው። ማውዙ በተነቃነቀ ቁጥር ደብዳቤው 32 ባይት፣ ፖስታው (አድራሻ የሚጻፍበት የፓኬቱ ራስጌ) 40። የኔትወርክ ተመራማሪው ቫን ጃኮብሰን እ.ኤ.አ. በ1990 ያወጣው ዘዴ ፖስታውን ብዙ ጊዜ ወደ 3 እስከ 5 ባይት ያወርደዋል፤ ፒፒፒ ውስጥ ስላለ አለማጥፋት ነው። በኤስኤስኤች፣ ግንኙነቱን በሚመሰጥረው መንገድ፣ የሚያልፍ ከሆነ መጭመቂያውን እዚያው ማብራት ያስፈልጋል፣ ሳይነኩት ጠፍቶ ነው የሚገኘው። አንዴ ከተመሰጠረ በኋላ ፒፒፒ ልጭመቅ ቢል የሚጨመቅ አያገኝም። ብልጭ ድርግም የምትለዋን ጠቋሚም አጥፏት፤ እያንዳንዷ ብልጭታ መንገደኛ ናት።

መስመሩ የሚቆራረጥ ከሆነስ? ያኔ ቪኤንሲ፣ የማዶውን ስክሪን በሥዕል የሚልከው፣ በ256 ቀለም። ይንቀራፈፋል፣ ግን ገመዱ ሲነቀል ሥራው እዚያ ማዶ ቆሞ ይጠብቃል። ኤክስ ከመስመሩ ጋር አብሮ ይሞታል።

መስኮቱ አሁን ሞላ። «እርግጠኛ ነህ?» ይላል፣ ከሥሩ ሁለት ቁልፎች።

በምኑ? ምን ልሠራ ነበር የከፈትኩት?