ንግሥትና ፈረስ

ዛሬ ከሰዓት በኋላ ቲቸርን አሸነፍኳቸው። ሰሌዳው ላይ የቀሩት አራት ጠጠሮች ብቻ ነበሩ። የኔ ንጉሥና ንግሥት፣ የሳቸው ንጉሥና ፈረስ።

ቼስ የማይጫወት ሰው ይህን ሲሰማ «ታዲያ ምኑ ይገርማል?» ይላል። ንግሥት 9 ነጥብ ናት፣ ፈረስ 3 ነው። ሦስት እጥፍ ማለት ነው። ግን ያ ባለ 3 ነጥብ ፈረስ አንድ ጊዜ ደህና ቦታ ላይ ከዘለለ ንጉሥሽን ቼክ ይላል (ልብላህ ብሎ ያስፈራራዋል)፣ ንግሥትሽንም አብሮ ይይዛል። ንጉሥ መሸሽ ግዴታው ነው። ፈረሱ ንግሥቷን ይበላታል። ከዚያ በኋላ በአንድ ፈረስ ማት (ንጉሡን ቼክ ብሎ መውጫ ማሳጣት) ስለማይደረግ ጨዋታው አቻ ነው። ቼስ ከሚጫወት ሰው ጋር ቡና ጠጡ፤ እጁ ገብቶ ስላመለጠው ጨዋታ ያወራችኋል። ብዙ ጊዜ ታሪኩ ውስጥ አንድ ፈረስ አለ።

ስለዚህ ደስ ብሎኛል። ከልቤ ነው ደስ ያለኝ። ሳይበርድ ልጻፈው ብዬ ነው አሁን የተቀመጥኩት።

ቲቸር ሰፈራችን ናቸው፣ ቧንቧ ውሃ። ጡረታ ከወጡ ቆይተዋል፤ ሒሳብ ነበር የሚያስተምሩት። እኔ ሥራዬ ኮምቦልቻ ነው፤ እሁድን ግን ደሴ ነኝ፣ እሁድ ደግሞ የቲቸር ነው። የጦሳ ተራራ ሲጨልም በረንዳቸው ላይ መቀመጥ አይታሰብም። ሳሎን ገብተን ከሰሉን ጠጋ አድርገን እንጫወታለን። ባለቤታቸው ቡናውን ጤና አዳም ጣል አድርገው ያመጡልናል። በጨዋታ መሀል ግን አያናግሩንም፤ ስኒውን አስቀምጠው ዝም ብለው ይሄዳሉ። ይህ ራሱ ትልቅ ክብር ነው።

ቲቸር ስለዚህ የጨዋታ ፍጻሜ የነገሩኝ ዋናው ነገር አንድ ነው። «ልጄ፣ ፈረሱን አታባሪው። አንቺ የት እንደቆምሽ እዪ።»

መጀመሪያ ሲሉኝ ምክር ብቻ መስሎኝ ነበር። የሒሳብ አስተማሪ ግን ያለ ምክንያት አይናገርም። ንግሥት በሰሌዳው ላይ የማትሄድበት የለም፤ ቀጥታውም ሰያፉም የሷ ነው። መሀል ላይ ከቆመችና መንገዷ ባዶ ከሆነ 27 ቤት ትይዛለች። አንድ የማትችለው ነገር ቢኖር ፈረስ የሚሄደውን አካሄድ ነው። ስለዚህ ፈረስ ንግሥትን ሲያስፈራራት እሷ በዚያች ደቂቃ እሱን ልትበላው አትችልም። ትልቋ ጠጠር የማታየው ሰው ከአጠገቧ አለ። ብታባርረው የሚያዋጣው ለሱ ነው፤ እሱ የሚፈልገው አንቺ እንድትሮጪ ነው። የቸኮለች አፍሳ ለቀመች የሚባለው እዚህ ጋ በደንብ ይሠራል።

መከላከያው ቀለም ነው። ፈረስ በዘለለ ቁጥር የቤቱ ቀለም ይቀየራል። ጥቁር ቤት ላይ ከቆመ የሚያጠቃው ነጭ ቤቶችን ብቻ ነው። ነጭ ላይ ከቆመ ጥቁሮቹን ብቻ። እንግዲህ ንጉሤ ነጭ ላይ፣ ንግሥቴ ጥቁር ላይ ከሆኑ ፈረሱ ሁለቱን በአንድ ዝላይ መያዝ አይችልም። በቃ፣ አይችልም። ዕድል የለውም፣ ብልሃት የለውም።

ቲቸር ይህን ሲያሳዩኝ ንጉሡን ጂ4 ላይ፣ ንግሥቷን ዲ5 ላይ አስቀመጡ (ፊደሉ ዓምዱን፣ ቁጥሩ ረድፉን ይናገራል)። ሁለቱም ነጭ ቤት ናቸው። ፈረሱን ኤፍ6 ላይ አሳረፉት። ጥቁር ቤት ነው። ከዚያ ሆኖ ሁለቱንም ያዛቸው። ንግሥቷን አንድ ቤት ብቻ ወደ ጎን ገፋ አድርገው ዲ5 የነበረችውን ሲ5 ላይ ቢያኖሯት ግን ያ ፎርክ፣ ማለትም ሁለቱን በአንዴ መያዝ፣ የለም። አንድ ቤት ነው ልዩነቱ! ይህን ካየሁ በኋላ ሰሌዳውን የማይበት ዓይን ተቀየረ።

ሁልጊዜ ቀለም መጠበቅ አይቻልም። ንጉሥሽ ሲራመድ ወይም ንግሥትሽ ስትንቀሳቀስ ቀለማቸው የሚገጥምበት ጊዜ አለ። ያኔ ቆም ብሎ ፈረሱ በአንድ ዝላይ የሚደርስባቸውን ቤቶች አንድ በአንድ ማየት ነው። ቢበዛ ስምንት ናቸው። እነዚያን ስምንት ቤቶች ለማየት የማይታገስ ሰው ይህን ፍጻሜ ባይጫወት ይሻለዋል።

ሌላው የምወደው ነገር የንጉሡ አቋቋም ነው። ንጉሥሽ ከፈረሱ በሰያፍ ሁለት ቤት ርቆ ከቆመ ፈረሱ እዚያ ቤት ለመድረስ አራት ዝላይ ያስፈልገዋል። ቅርብ ይመስላል፣ ግን ሩቅ ነው። ሐረጎ ዳገት ላይ ሆኖ ኮምቦልቻን ቁልቁል እንደማየት ነው፤ ከተማዋ እግርሽ ስር ናት፣ መንገዱ ግን ገና ይጠማዘዛል። እዚያ የቆመ ንጉሥ ሦስተኛው ዝላይ ሳይደርስ ቼክ አይባልም። ቀጥ ባለ መስመር ሁለት ቤት ርቆ ከቆመ ግን ፈረሱ በአንድ ዝላይ ቼክ ሊለው ይችላል። ብዙ ሰው ንጉሡን ከፈረስ ሲያሸሽ ዝም ብሎ ያርቀዋል። ርቀቱ አይደለም ቁም ነገሩ።

ከዚያ በኋላ ያለው ሥራ ትዕግሥት ነው። ንግሥቷ ብቻዋን አትጨርሰውም። ንጉሡም አብሮ መምጣት አለበት። ሁለቱ ተጋግዘው የባላጋራውን ንጉሥ ወደ ዳር ይገፉታል። ፈረሱም ዳር በሄደ ቁጥር ይደክማል። መሀል ላይ ስምንት መውጫ ያለው ፈረስ ዳር ላይ አራት፣ ጥግ ላይ ሁለት ብቻ ይቀረዋል። ፈረሱ ኤ1 ጥግ ላይ ቢሆን መውጫዎቹ ቢ3 እና ሲ2 ናቸው። ንግሥቷ ሲ3 ላይ ከቆመች ሁለቱንም መውጫ፣ ራሱንም ፈረሱን ትይዛለች። ፈረሱ ከንጉሡ ተለይቶ ሲርቅ ደግሞ ፎርኩ ወደ ንግሥቷ ይዞራል። ንጉሡን ቼክ ብላ ፈረሱን ትለቅመዋለች። ጎበዝ ተከላካይ ይህን ስለሚያውቅ ፈረሱን ከንጉሡ አያርቀውም። ቲቸርም አላራቁትም።

እዚህ ላይ አንድ ነገር ትዝ ይለኛል። ቲቸር አያታቸው የድሮውን የአገራችንን ቼስ፣ ሰንጠረዥን፣ ሲጫወቱ አይተዋል። በዚያ ጨዋታ ወረራ የሚባል አጀማመር ነበር። የመጀመሪያው ጠጠር እስኪበላ ድረስ ተራ አይጠበቅም፤ ሁለቱም ተጫዋቾች ጠጠሮቻቸውን እንደፈለጉ ያሰልፋሉ። ንግሥት አልነበረችም፣ ፈርዝ እንጂ። ፈርዝ ደግሞ በሰያፍ አንድ ቤት ብቻ ነው የሚሄደው። ፈረስ ግን ያኔም የሚዘለው እንዳሁኑ ነው። ስለዚህ በአያቶቻችን ሰሌዳ ላይ ፈረስ ከፈርዝ በብዙ ይበልጥ ነበር። ንግሥት አሁን ያላትን ጉልበት ያገኘችው እንደ ፈረንጆቹ በ15ኛው መቶ ክፍለ ዘመን መጨረሻ ላይ አውሮፓ ውስጥ ነው። ሌላም አለ፤ የሰንጠረዥ ሰሌዳ ነጭና ጥቁር ቤት አልነበረውም፣ መስመር ብቻ ነው። እኔ የቀለሙን ሕግ በዓይኔ አያለሁ። እነሱ በዚያ ሰሌዳ ላይ የፈረስን ዝላይ በጭንቅላታቸው ብቻ ሲከተሉ ማሰብ በጣም ያስደንቀኛል።

ወደ ዛሬው ልመለስ። ወታደሬ መጨረሻው ረድፍ ደርሶ ንግሥት ከሆነ በኋላ ረጅም ጊዜ ተገፋፋን። መጨረሻ ላይ ንጉሣቸው ኤች8 ጥግ ገባ። የኔ ንጉሥ ኤፍ7 ላይ፣ ንግሥቴ ሲ7 ላይ ናቸው። ፈረሳቸውን ኤች6 ላይ አሳርፈው «ቼክ» አሉኝ። ንጉሤን ወደ ጂ6 ወሰድኩት። ነጭ ቤት ነው፤ ንግሥቴ ጥቁር ላይ ናት፤ ፎርክ የለም። ከቼክ ወጣሁ፣ ፈረሱንም ነካሁት።

ከዚያ ሁሉንም መንገድ አየሁ። ንጉሣቸው ጂ8 ቢሄድ ንግሥቴ ጂ7 ላይ ማት ትላለች። ፈረሱ ጂ8 ቢመለስ ኤች7 ላይ ማት ነው። ኤፍ5 ወይም ጂ4 ቢሸሽም ያው ኤች7 ላይ ማት። አንድ መንገድ ቀረች። ቲቸርም መነጽራቸውን ከፍ አድርገው ብዙ ካሰቡ በኋላ እሷኑ መረጡ። ፈረሱን አፍንጫዬ ስር፣ ኤፍ7 ላይ፣ ያለ ምንም ጠባቂ አስቀመጡት።

ብዪኝ የሚል ፈረስ ነው። በንግሥትም ይበላል፣ በንጉሥም ይበላል። እጅ መጀመሪያ የሚሄደው ወደ ንግሥቷ ነው፤ መንገዱ ክፍት ነው፣ ደግሞም እሷ ናት ስትበላ የኖረችው። ነገር ግን ንግሥቴ ኤፍ7 ላይ ብታርፍ ጂ8ን፣ ጂ7ንና ኤች7ን ትዘጋለች። ንጉሣቸው ቼክ አልተባለም። የሚሄድበት ቤት ግን የለውም። ሌላ የሚያንቀሳቅሱት ጠጠርም የላቸውም። ስቴልሜት ነው። ያን ሁሉ ሰዓት የተለፋበት ጨዋታ አቻ ይወጣል።

ልቤ እየመታ ንጉሤን አነሳሁና ፈረሱን በንጉሤ በላሁት። የንጉሤ እንጨት ታች ላይ ያለው ጨርቅ ከተላጠ ቆይቷል፤ ሲቀመጥ ቀጭ ይላል። ንጉሣቸው ያለችው አንዲት መውጫ ኤች7 ናት። እዚያ ወጣ። ንግሥቴ ከሲ7 በሰያፉ መስመር ቁልቁል ወርዳ ኤች2 ላይ ቆመች። ማት።

«አየሻት!» አሉኝ ቲቸር። ሌላ ነገር አላሉም፣ ግን ፊታቸው በራ። ተሸንፈው እንደዚያ የሚደሰት ሰው ብዙ አላውቅም። ወጥመዱን ያስቀመጡት እንዳይ ፈልገው እንደሆነ ይገባኛል፤ ብስት ደግሞ ያለ ምሕረት አቻውን ይወስዱት ነበር። ሁለቱም እውነት ነው። እንደዚህ ያለ አስተማሪ ማግኘት ዕድል ነው።

ቤት ከመጣሁ በኋላ የማውቀውን እንደገና አሰብኩት። ኬን ቶምፕሰን የሚባለው፣ ዩኒክስን ከሠሩት አንዱ የሆነው የኮምፒውተር ሰው፣ እንደ ፈረንጆቹ በ1980ዎቹ ጥቂት ጠጠር የቀረባቸውን ፍጻሜዎች በኮምፒውተር እስከ መጨረሻው አስልቷል። ዛሬ ንግሥት ከፈረስ ጋር ያላት ፍጻሜ ምስጢር የለውም። ንግሥቷ የምታሸንፍበት አቋም ከሆነ፣ ሁለቱም ወገን ያለ ስህተት ቢጫወቱ፣ ከባዱ እንኳን ከ21 እርምጃ አያልፍም። ጠጠር ሳይበላ፣ ወታደርም ሳይንቀሳቀስ 50 እርምጃ ካለፈ አቻ መጠየቅ ስለሚቻል፣ ለሰው የሚበቃ ጊዜ አለ ማለት ነው። ይህ ቁጥር ያረጋጋኛል። መቸኮል እንደማያስፈልግ በቁጥር የተጻፈ ማስረጃ ነው።

ከማቱ በኋላ ቲቸር ሰሌዳውን አዞሩት። «አሁን ፈረሱን አንቺ ያዢ» አሉኝ። ያዝኩ። ፈረስ ሆኖ መጫወት ሌላ ዓለም ነው። ከንጉሥሽ አትራቂ፣ ወደ መሀል ተጠጊ፣ ጥግን ፍሪ፣ የሳቸውን ንጉሥና ንግሥት አንድ ቀለም ላይ የሚያቆም ቼክ ፈልጊ። ቲቸር ቀለማቸውን ሲጠብቁ ከዚያኛው ወገን ሆኜ ሳየው፣ መዝለያ ቤት አለኝ፣ የምይዘው ግን የለኝም። እኔ ዛሬ ያደረግሁባቸው ይህንን እንደሆነ በደንብ የገባኝ ያኔ ነው። በረካው ሳይቀዳ ማት አደረጉኝ።

ለሚቀጥለው እሁድ የቤት ሥራ ሰጥተውኛል። ንግሥት ከሩክ ጋር፣ ቀጥ ባለ መስመር ብቻ ከሚሄደው ጠጠር ጋር። ሩክ እንደ ፈረስ አይዘልም፣ ፎርክም አያስፈራም። ግን ንጉሡን ተጠግቶ ከቆመ ማላቀቁ በጣም ከባድ ነው፤ እርምጃውም ከዚህኛው ይረዝማል። አራቱን ጠጠሮች ደብተሬ ላይ ስያቸዋለሁ። ነገ ከሥራ መልስ የመጀመሪያውን አቋም እጀምራለሁ፣ ንጉሡ ጥግ ላይ፣ ሩኩ ከአጠገቡ ሆኖ።