በወረቀት ሦስት ዓመት ያነስኩት ሯጭ

ልጃችሁ በሩጫ ጎበዝ ከሆነ ከጫማው በፊት የልደት ሰርተፊኬቱን አውጡለት። ለእኔ ቤተሰቦች ይህን የነገራቸው አልነበረም።

ያደግኩት በቆጂ ነው። ደራርቱ ቱሉ በ1984 ዓ.ም. ባርሴሎና ላይ ወርቅ ካመጣች ወዲህ በቆጂ ተወልዶ ያልሮጠ ልጅ ማግኘት ይከብዳል። በ2000 ዓ.ም. ቀነኒሳና ጥሩነሽ ቤጂንግ ላይ በ5,000 እና በ10,000 ሜትር ሁለት ሁለት ወርቅ ሲወስዱ የ10 ዓመት ልጅ ነበርኩ። እኔም ሜዳ ገባሁ። ቦታው ከባህር ወለል 2,800 ሜትር ገደማ ከፍ ይላል፤ ጠዋት 12 ሰዓት ላይ ብርዱ ጣት ይቆርጣል። አሰልጣኝ «ዛሬ ቀላል ነው» ካለ ቀላል ነው፤ ማንም ተነጥሎ አይወጣም። ትዕግሥት የተማርኩት እዚያ ነው። ታላቅ ሲናገር «እሺ» ማለትንም።

መዘዙን ያመጣችው ይቺው «እሺ» ናት። 10ኛ ክፍል እንደጨረስኩ አንድ ክለብ ወሰደኝ። ካምፕ፣ ቱታ፣ ትንሽ የኪስ ገንዘብ፤ ደስ ይል ነበር። ከዚያ አንድ የክለቡ ሰው «ፓስፖርት እናውጣልህ» ብሎ ፎርም ሞላ። ከ20 ዓመት በታች ውድድር ላይ እንድቆይ የ1990 ልደቴን 1993 አደረገው። «ሁሉም እንዲህ ነው» አለኝ። የ16 ዓመት ልጅ ምን ብሎ ይመልስ?

ውጭ አገር አንዴም ሳልሮጥ የተረከዜ ጅማት ተጎዳ። የክለቡ ወጌሻ በቅባት ያሸኝና «በል ሩጥ» ይለኛል። ባሰብኝ። ክለቡም አሰናበተኝ። ወደ ትምህርት ተመለስኩ፣ 12ኛን ጨረስኩ፣ ጎንደር ፊዚዮቴራፒ ተምሬ ተመረቅኩ። ይሄ ቀላሉ ነው።

ጉዱ የፈላው ሥራ ስፈልግ ነው። ሠራተኛዋ ፓስፖርቴንና የትምህርት ማስረጃዬን አስተያይታ ቀና ብላ አየችኝ። በፓስፖርቱ ሂሳብ አንደኛ ክፍል የገባሁት በ4 ዓመቴ ነው፤ 10ኛን የተፈተንኩት ደግሞ በ13። ሊቅ ነኛ! «አስተካክለህ ና» አለችኝ።

ቀበሌ ሄድኩ፤ የፍርድ ቤት ትእዛዝ አምጣ። ፍርድ ቤት ሄድኩ፤ ከቀበሌ ደብዳቤ አምጣ። ቀበሌ ተመለስኩ፤ ያለ ትእዛዝ ደብዳቤ አንጽፍም። ክለቡ ጋ ደወልኩ፤ ፎርሙን የሞላው ሰው ለቋል፣ ፋይሉም የለም። አንዱ ደግሞ «ራጅ ተነሳ፣ ዕድሜህ ይታወቃል» ይለኛል። እኔ እኮ ስለ አጥንት ስማር ነው የኖርኩት! የእጅ አንጓ አጥንት አብዛኛውን ጊዜ ከ20 ዓመት በፊት ዕድገቱን ይጨርሳል። ከዚያ በኋላ ራጅ 22ን ከ25 አይለይም። ባስረዳው አልሰማኝም። ከፍዬ ተነሳሁ። ውጤቱ «ከ20 በላይ» የሚል ነበር። ለዚህ ነው ብሬን የበሉኝ። እስከ ዛሬ ያናድደኛል።

ያዳነኝ የድሮ ትምህርት ቤቴ መዝገብ ነው። የአንደኛ ክፍል ምዝገባዬ ላይ ዕድሜዬ ሰፍሯል። እሱን፣ የክርስትና ካርዴንና የሚያውቁኝን ሽማግሌዎች በምስክርነት ይዤ ብቀርብ ዳኛዋ በአንድ ቀጠሮ ጨረሱት። ተመሳሳይ ችግር ያለበት ሰው ራጁን ይተወውና በቀጥታ የትምህርት ቤት መዝገቡን ይፈልግ።

ያን ሁሉ ወረፋ የቻልኩት በሩጫ ጉልበት ነው፤ አልክድም። ሙያዬንም የመረጠልኝ ያ ቅባት ነው። ዛሬ የተረከዝ ጅማታቸው የታመመ ልጆች ሲመጡልኝ መጀመሪያ የምጠይቀው ማን ሩጡ እንዳላቸው ነው።

ክለቦች «ልጅ በጊዜ ካምፕ ካልገባ ዲሲፕሊን አይኖረውም» ይላሉ። አልስማማም። እኔ ካምፕ ስገባ ዲሲፕሊኑን ይዤ ነው የገባሁት። 12ኛን ሳይጨርስ አይግባ። መምህራን ደግሞ በፈተና ዓመት ሩጫ ይቁም ይላሉ። ይሄም አይዋጥልኝም፤ እኔ 12ኛን ያለፍኩት ጠዋት ጠዋት ሶምሶማ እየሮጥኩ ነው። ፎርም ሙላ ከተባለ ቤት ይዞት ይምጣ፣ እናት አባት አንብበው ይፈርሙ። የሚቆጣ አሰልጣኝ ካለ ይቆጣ።