ጥፋተኛነቱም ከሕመሙ ነበር

ከወሊድ በኋላ የሚመጣ ድብርት፣ ዲፕሬሽን፣ ሲባል ብዙ ሰው የሚታየው ስታለቅስ የምትውል ሴት ናት። እኔ ያለቀስኩት የመጀመሪያዎቹ ቀናት ላይ ነው፣ በትንሹም በትልቁም እንባዬ ይመጣል፣ "ሆርሞን ነው ያልፋል" አሉኝ፣ ልክም ነበሩ ምክንያቱም አብዛኛው ወላድ በሁለተኛው በሦስተኛው ቀን አካባቢ እንደዛ ይሆናል፣ 2 ሳምንት አካባቢ ሲሞላው በራሱ ይለቃል። የኔ ግን ለቅሶው ለቀቀና ሌላ ነገር ተካው። ምንም አለመሰማት። ልጄን አጠባታለሁ፣ ዳይፐር እቀይራለሁ፣ አስገሳታለሁ፣ ሁሉንም በሰዓቱ፣ ግን እናቷ መጥታ እስክትወስዳት የሰው አደራ የምጠብቅ ነበር የሚመስለኝ።

እሷ ስትተኛ እንኳን እኔ እንቅልፍ የለኝም። ጣሪያ ጣሪያውን እያየሁ የማስበው አንድ ነገር ነው፣ ይቺ ልጅ የተሻለች እናት ይገባት ነበር። ደግሞ ምስሎች ይመጡብኛል፣ ደረጃ ስወርድ ከእጄ ስታመልጥ፣ ሳጥባት ውሃ ውስጥ ስትሰጥም፣ ለባለቤቴ እንኳን ትንፍሽ አላልኩም፣ ከተናገርኩ ልጄን የሚወስዱብኝ ነበር የሚመስለኝ።

ከወሊድ በኋላ በነበረኝ ቀጠሮ ስፌቴ ታየ፣ ግፊቴ ተለካ፣ ልጅቷ ተመዘነች፣ በቃ። እንዴት ነሽ የሚለኝ ሰው ሁሉ መልሴን ሳይጠብቅ ወደ ህፃኗ ያጎነብሳል። በመጨረሻ ክትባት ልናስወጋት በሄድንበት አንዲት ነርስ ወረቀት ሰጠችኝ፣ ባለፉት 7 ቀናት ስለተሰማኝ ነገር 10 ጥያቄ። የኤድንብራ መጠይቅ ይባላል፣ እ.ኤ.አ. በ1987 የወጣ ነው፣ ከ30 ነው የሚታረመው፣ ነጥቡ ብቻውን ታመሻል አይልም ግን ከፍ ካለ ቁጭ ብሎ የሚያናግርሽ ባለሙያ ያስፈልግሻል። ከጥያቄዎቹ አንዱ ነገር ሲበላሽ ያለአግባብ ራስሽን ትወቅሻለሽ ወይ የሚል ነው። እዛ ጋ እስክሪብቶው እጄ ላይ ቀረ። እኔ እኮ ያንን ፀባዬ ነው፣ እውነት ነው ብዬ ነበር የያዝኩት፣ ለካ ምልክት ተብሎ የሚጠየቅ ነገር ኖሯል።

ለሌሎች እናቶች መናገር የምፈልገው በዋናነት ይሄን ነው። መጥፎ እናት ነኝ የሚለው ሐሳብ ከሕመሙ ነው የሚመጣው፣ ሕመሙ ሲታከም አብሮ ይቀንሳል። እሱን አምነሽ ከተቀመጥሽ ግን መታከም ራሱ አይታሰብሽም፣ ጥፋተኛ ነኝ ያለ ሰው ይደበቃል እንጂ ሐኪም ጋ አይሄድም።

ዶክተሯ መጀመሪያ ደም አስመረመረችኝ፣ ከወሊድ በኋላ ታይሮይድ የሚባለው የአንገት ዕጢ ሊዛባ ይችላል፣ ደም ማነስም አለ፣ ሁለቱም ሰውን እንዲህ ያደርጋሉ። ስለምስሎቹ ስነግራት አልደነገጠችም። እንደዚህ ሳትፈልጊያቸው መጥተው የሚያስደነግጡሽ ሐሳቦች ወላዶች ላይ የተለመዱ ናቸው አለችኝ። የሚያስፈራው ሌላ ነው፣ ሳይኮሲስ የሚባለው፣ ከ1000 ወላድ አንድ ሁለቷን የሚይዝ፣ የሌለ ድምፅ መስማት፣ የሌለ ነገር ማመን፣ መቃዠት፣ ሳይተኙ እያደሩ ድካም አለመሰማት፣ እሱ ሲመጣ ቀጠሮ አይጠበቅም በዛው ሰዓት ድንገተኛ ክፍል ነው። ራሴን ላጥፋ ያለች እናትም እንደዛው፣ ለደቂቃም ብቻዋን አትተው።

ቀለል ያለ ድብርት በንግግር ሕክምና ብቻ ሊሻል ይችላል፣ የኔ ጠንከር ስላለ ኪኒንም ታከለ። ኪኒኑን በጣም ነው የፈራሁት፣ ጡት ላስጥል ነው ብዬ። ያዘዘችልኝ ሰርትራሊን ነው፣ ወደ ጡት ወተት የሚያልፈው በጣም ጥቂት ስለሆነ ለሚያጠቡ እናቶች ብዙ ጊዜ እሱ ነው የሚመረጠው። ወዲያው አይሠራም፣ ሳምንታት ይፈልጋል፣ እኔን መጀመሪያ ላይ ያቅለሸልሸኝ ነበር። ሲሻልሽም ብድግ ብለሽ አታቆሚውም፣ ከተሻለሽ በኋላ ቢያንስ 6 ወር ያህል ትቀጥያለሽ፣ ስታቆሚም በሐኪም ቀስ በቀስ ነው። ንግግሩ ላይ ደግሞ ሐሳቤን እንድጽፈው ታደርገኝና ማስረጃሽ ምንድን ነው ትለኛለች። "ሌሊት ስታለቅስ ደስ ብሎኝ አልነሳም" እላታለሁ። "ታዲያ ማን ነው የሚነሳላት?" ትለኛለች። እኔ ነኛ!

ለባለቤቴም እንደ መድኃኒት ነው ያዘዘችለት፣ ሌሊት አንዱን ተራ አንተ ከጡቷ በታለበ ወተት ያዝ፣ እሷ ቢያንስ ከ4 እስከ 5 ሰዓት ያህል ሳትቋረጥ ትተኛ። "ጠንከር በይ" ካሉኝ ሁሉ ያ እንቅልፍ በለጠብኝ።

ለምን እኔን ብዬ ጠይቄያታለሁ። ልጅ ሲወለድ ኢስትሮጅንና ፕሮጄስትሮን የሚባሉት ሆርሞኖች በጥቂት ቀናት ውስጥ ቁልቁል ይወርዳሉ፣ ከፕሮጄስትሮን የሚሠራው አንጎልን የሚያረጋጋው አሎፕሬግናኖሎንም አብሮ ይወርዳል፣ እ.ኤ.አ. በ2023 አሜሪካ ውስጥ ለዚሁ ሕመም የተፈቀደው ዙራኖሎን የሚባል መድኃኒት፣ ለ14 ቀን የሚዋጠው፣ እሱን መስሎ ነው የሚሠራው። ሆርሞን ብቻ ነው ማለት አይደለም፣ ከዚህ በፊት ድብርት የነበረባት፣ አጋዥ የሌላት፣ ቤቷ ውስጥ የምትመታ ሴት ይበልጥ ትጋለጣለች። የዓለም ጤና ድርጅት ከወለዱ 100 ሴቶች 13 ያህሉ የአእምሮ ሕመም፣ በዋናነት ድብርት፣ ያጋጥማቸዋል ይላል፣ በታዳጊ አገሮች ወደ 20 ይጠጋል። ታዲያ ይሄን ሁሉ ሴት መጥፎ እናት ናት ልንል ነው?

ኪኒኑን አሁንም እየወሰድኩ ነው። ሁለተኛ ልጅ ስንል አንዴ የያዘው ሰው ተመልሶ ሊይዘው እንደሚችል አውቀን ነው፣ ካረገዝኩ ገና ከመጀመሪያው ክትትል ለዶክተሯ እነግራታለሁ፣ የመጀመሪያዎቹን ሳምንታት ሌሊቱን ማን እንደሚይዝም ከባለቤቴ ጋር ከአሁኑ ተነጋግረናል።