አማቴን ያወፈረው ፕሮጀክተር

እኛ ቤት ለ6 ዓመት ኳስ ክብ አልነበረችም። እንቁላል ነበረች። ያውም በቁሟ የምትንከባለል እንቁላል።

ጥፋቱ የአሮጌው ፕሮጀክተር ነው። ከአንድ መሥሪያ ቤት የሐራጅ ሽያጭ ላይ በርካሽ ያነሳሁት፣ ለስብሰባ የተሠራ ማሽን ነበር። ምስሉ 1024 በ768 ነጥብ ነው፤ 4 እጅ ቢሰፋ 3 እጅ የሚቆም፣ ካሬ ለመሆን ትንሽ የቀረው። ዲኮደሩ የሚልክለት ኳስ ደግሞ 16 ለ9፣ ዘርጋ ያለ። ያን ሁሉ ሜዳ እዚያ ጠባብ ቦታ ውስጥ ለማስገባት ማሽኑ የዘየደው የታክሲ ረዳት ዘዴ ነው። «ጠጋ ጠጋ በሉ!» ይልና ከግራም ከቀኝም ጨምቆ 22ቱንም ይጭናቸዋል።

ስለዚህ በእኛ ሳሎን ሁሉም ሰው ቀጭን ነበር። የእንግሊዙ አጥቂ ፒተር ክራውች 2 ሜትር ከ1 ሳንቲም ነው። እኛ ጋ ዳኛውም፣ በረኛውም፣ ኳስ አቀባዩ ልጅም ክራውች ነበር። ማንም ልብ አላለም። እንዲያውም እኔ ራሴ «የዘንድሮ ተጫዋች ዝም ብሎ መቃ ነው፤ ምን እያበሏቸው ነው?» ብዬ በሰው ፊት ተንትኛለሁ።

ማሽኑ ግን አረጀ። እንዲህ ዓይነቱ ባለ አምፖል ፕሮጀክተር ሲጠፋ ማራገቢያው ጥቂት ደቂቃ እየዞረ አምፖሉን ማብረድ አለበት። መብራት ድንገት ሲሄድ ማራገቢያውም አብሮ ቀጥ ይላል፤ አምፖሉ እንደጋለ ይቀራል። እኛ ሰፈር መብራት ስንቴ እንደሄደ አልቆጠርኩም። ብቻ በመጨረሻው ላይ በጠራራ ፀሐይ የሚደረግ ጨዋታ ሁሉ እኛ ጋ አመሻሽ ላይ የሚደረግ መሰለ። ባለቤቴ «ወይ አሠራው ወይ ጣለው» አለች። እኔ ሦስተኛውን መረጥኩ። ሰፊ ገዛሁ።

መርካቶ ስገባ ተዘጋጅቼ ነው። የርካሾቹ ካርቶን «1080» ብሎ ይጮኻል፤ ውስጡ ግን 800 በ480 ሊሆን ይችላል። 1080ውን ይቀበላል እንጂ አያሳይም። ስለዚህ ባለሱቁን ገና ሰላም ሳልለው «ነቲቩ ስንት ነው?» አልኩት፤ ማሽኑ በራሱ የሚያሳየው የነጥብ ብዛት ማለቴ ነው። ከእግር እስከ ራሴ አየኝ። የዚያን ቀን እኔን የሚያህል የተማረ ሰው መርካቶ አልገባም። እውነተኛ 1920 በ1080 አስመርጬ፣ አስከፍቼ፣ ግድግዳ ላይ አስበርቼ፣ ተከራክሬ ገዛሁ።

ያልለካሁት ነገር ቢኖር የራሴን ሳሎን ነው።

አሮጌውን ከመደርደሪያው አውርጄ አዲሱን እዚያው ቦታ ላይ አስቀመጥኩት። ከመደርደሪያው እስከ ሸራው 3 ሜትር ከ60 ነው። አሮጌው ከዚያ ሆኖ ልክ 2 ሜትር የሚሰፋ ምስል ይጥል ነበር። ሸራዬም 2 ሜትር በ1 ሜትር ከ50 ስለሆነ እጅና ጓንት ነበሩ። የአዲሱ ሌንስ ግን ሌላ ነው። ከዚያው ቦታ ላይ ሆኖ 3 ሜትር ለቀቀው።

ግራ መስመሩ የማድ ቤቱ በር ላይ ሄደ። ቀኙ የባለቤቴ ቢፌ ላይ። በረኛው ሻይ ብርጭቆዎቹ መሐል ቆሞ እጁን ያወናጭፋል። ከወዲያ በኩል አንዱ የማዕዘን ምት ሊመታ ኳሷን አስተካክሎ ወደ ኋላ ሲያፈገፍግ ባለቤቴ የማድ ቤቱን በር ከፈተች። ሰውዬው ከነኳሱ ማድ ቤት ገባ። ግማሹ ማቀዝቀዣው ላይ፣ ግማሹ እሷ ላይ አረፈ።

«ምንድን ነው ይሄ?» አለች፣ ደረቷ ላይ የማሊያ ቁጥር እንደበራ።

«ሰፊ ነው።»

«እሱማ ሰፊ ነው።»

ዙሙን እስከ መጨረሻው ጠመዘዝኩት። ያጠበበው አንድ ስንዝር ምናምን ነው። ማስጠጋት ግድ ሆነ። ምስሉ 2 ሜትር እንዲሆን ማሽኑ ከሸራው 2 ሜትር ከ40 ላይ መቀመጥ አለበት፤ ያ ቦታ ደግሞ የሳሎኑ መሐል እምብርት ነው። ጣሪያው ላይ እንዳልሰቅለው የኮንዶሚኒየም ኮንክሪት ነው። የተዋስኩትን ድሪል ገና ከማስነሳቴ ላይኛው ፎቅ ወለሉን በእግሩ ደበደበ። እኔም ወረድኩ። ቁመቱ የሚሆን ነገር ስፈልግ፣ ስዞር፣ ዓይኔ መሶቡ ላይ አረፈ።

ክዳኑን አነሳሁ። ባዶ ነው። ትሪ ገልብጬ ደፋሁበት፤ ፕሮጀክተሩን ትሪው ላይ አኖርኩት። የመሶቡ ጠርዝ የሌንሱን ግማሽ ስለጋረደው ከሥሩ የልጄን የ7ኛ ክፍል ሒሳብ መጽሐፍ ጨመርኩ። ልክ መጣ።

ልክ መጣ ስል፣ ስፋቱ። ቁመቱን ያየሁት ከዚያ በኋላ ነው። 2 ሜትር የሚሰፋ 16 ለ9 ምስል የሚቆመው 1 ሜትር ከ12 ብቻ ነው። ከላይም ከታችም 19፣ 19 ሳንቲም ነጭ ሸራ ባዶውን ተረፈ። ባለቤቴ እጇን ወገቧ ላይ አድርጋ አየችው።

«ሰፊ ነው የገዛኸው ወይስ አጭር?»

መልስ አልነበረኝም። ሌሊት 7 ሰዓት ላይ ወረቀትና እስክሪብቶ ይዤ ተቀመጥኩ። የቀድሞው ምስል 3 ካሬ ሜትር። የአሁኑ 2 ካሬ ከ25። ያን ሁሉ ብር ከፍዬ የምስሌን ሩብ አስረክቤ መጥቻለሁ! በኢንች ቢሰላም አያዋጣም። ኢንች የሚለካው ከጥግ እስከ ጥግ በሰያፍ ስለሆነ፣ ሰፊው 100 ኢንች ከድሮው 100 ኢንች በጎን 7 ኢንች ግድም ይበልጣል፤ በቁመት ግን 11 ኢንች ያንሳል። ይሄን ማንም አልነገረኝም። እኔም ስለ ነቲቭ ስደሰኩር የጠየቅኩት የለም።

መከላከያ ፍለጋ ስቆፍር ታሪኩ ሁሉ ወጣ። 4 ለ3 በ1890ዎቹ እ.ኤ.አ. ከኤዲሰን ቤተ ሙከራ፣ ዊልያም ዲክሰን ከሠራበት የ35 ሚሊ ሜትር ፊልም የመጣ ልክ ነው። ቴሌቪዥን ሲመጣ ወረሰው። ሰው ቤቱ ቁጭ ብሎ ማየት ሲጀምር ሲኒማ ቤቶች ተደናግጠው ሸራቸውን ወደ ጎን ዘረጉ፤ ሲኒማስኮፕ የተባለው ሰፊ ምስል የመጣው በ1953 ነው። 16 ለ9ን ደግሞ በ1980ዎቹ ከርንስ ፓወርስ የሚባል አሜሪካዊ መሐንዲስ ነው ያመጣው። ያኔ የነበሩትን የምስል ልኮች ሁሉ በአራት ማዕዘን አዘጋጅቶ አንዱን ባንዱ ላይ ደራረበና ሁሉንም የሚያቅፍ አንድ ልክ ፈለገ። ሁሉንም የሚያስማማ፣ ለማንም ግን ልክ የማይሆን። ሽምግልና ነው እንጂ ምህንድስና አይደለም።

ጠዋት ይሄን ሁሉ ለባለቤቴ ዘረዘርኩላት። እስከ መጨረሻው በትዕግሥት ሰማችኝ።

«ስለዚህ አጭር ነው» አለች።

ቅዳሜ አርሰናል ጨዋታ ነበረው። የታችኛው ፎቅ ጋሼ እንደ ወትሮው ከሁሉ ቀድመው መጥተው ቦታቸውን ያዙ። ጨዋታው ተጀመረ። በቤታችን ታሪክ ለመጀመሪያ ጊዜ ኳሷ ክብ ሆነች። ሙገሳ እየጠበቅኩ ዞር ዞር አልኩ። ጋሼ መነጽራቸውን አውልቀው በጋቢያቸው ጫፍ ጠረጉ፤ መልሰው አደረጉ።

«ልጆቹ ወፍረዋል» አሉ።

«አይ ጋሼ፣ ትክክለኛ መጠናቸው ነው።»

«ተው እንጂ! ይሄኛውን እኔ አላውቀውም? ሸንበቆ ነበር። ዕረፍት ላይ ሲበላ ከርሞ ነው።»

አንዱ «ኳሷም አንሳለች» አለ። ሌላው ጎሉ በጣም ሰፍቷል፣ በዚህ ጎል ማንም ያገባል ብሎ ተከራከረ። እንቁላሏን በወረቀት ላይ ስዬ አስረዳሁ። የሰማኝ የለም። በ30ኛው ደቂቃ ድምፅ ተሰጠና 5 ለ1 ተሸነፍኩ። ሪሞቱን አንስቼ «4 ለ3» የሚለውን ነካሁ። ተጫዋቾቹ ባንዴ ከሱ። ኳሷ እንቁላል ሆነች። ያ አጭር ምስል አሁን ደግሞ ከግራና ከቀኝ 25፣ 25 ሳንቲም አጣ። ከበፊቱ ግማሹን አይሞላም ለማለት ትንሽ ነው የቀረው።

«ተመስገን!» አሉ ጋሼ። «አሁን ሰው መሰሉ።»

እውነተኛው ጉድ የፈላው ግን እሑድ ነው። አማቴ መጡ። የሠርጋችንን ቪዲዮ በአዲሱ ማሽን ላሳያቸው ቃል ገብቼ ነበር። የተጋባነው ጥር 1996 ዓ.ም. ነው። በካሴት ተሰጥቶን ኋላ ወደ ዲቪዲ ያስገለበጥነው ነው፤ ካሜራውም ዘመኑም 4 ለ3 ነበሩ።

ገና ከመግባታቸው መሶቡን አዩት።

«ልጄ፣ እንጀራ በሚቀመጥበት ላይ?»

«ባዶ ነው እማማ።»

«ባዶም ቢሆን መሶብ ነው» ብለው አማተቡ።

ቡና ተፈላ፤ ዕጣን ጨሰ። ማሽኑ ሳሎኑ መሐል ስለሆነ ማጨሻው ከሌንሱ ሥር ነው የተቀመጠው። ጭሱ እየተጠቀለለ ወጥቶ ብርሃኑ ውስጥ ሲገባ ሰማያዊ ይሆናል፤ ሸራው ላይ ያለው ቤተ ክርስቲያን ደግሞ ደመና የወረደበት ይመስላል። አማቴ ይሄን ወደዱት። የመሶቡን ነገር የረሱ መሰለኝ። እኔም ዘና ብዬ ተደገፍኩ።

የረሳሁት ሌላ ነገር ነው። ጠዋት ልጄ ካርቱን ሲያይ ሪሞቱን ወደ «ፉል» መልሼው ነበር። ካርቱኑ ራሱ ሰፊ ስለሆነ ምንም አልሆነም። የ1996ን ሰው ግን ማሽኑ ይዞ ስክሪኑ እስኪሞላ ይለጥጠዋል። ቁመት አይጨምርም፤ ስፋት ብቻ። ሒሳቡ የልጄ መጽሐፍ ውስጥም አለ፤ ሁሉም ሰው በራሱ ላይ ሲሶ ይጨመርለታል።

መጀመሪያ መኪናው መጣ። የተከራየነው መርሰዲስ ነው። ሸራው ላይ ግን ሊሞዚን ሆኖ ገባ። «እንዲህ ረጅም ነበር እንዴ?» አለች ባለቤቴ ደስ ብሏት። ዝም አልኩ። ያን ጊዜ የተከፈለበትን ሳስበው ሊሞዚን ቢሆንም አይበዛበትም።

ቀጥሎ ሙሽራው ወረደ። እኔ። በሠርጌ ቀን 57 ኪሎ ነበርኩ። ሱፉ ትከሻዬ ላይ ተንጠልጥሎ ነፋስ ሲነካው ለብቻው ይሄድ ነበር። የሙሽሪት ወገኖች «ልጃችንን ለሱፍ ዳርናት» ብለው ሲስቁ ይሄው 20 ዓመት አለፈ። እሑድ ዕለት ግን ሱፉ ሙሉ ነው። ትከሻ አለኝ። ደረት አለኝ። የሆነ ነገር ልክ እንዳልሆነ የገባኝ ያኔ ነው።

ማጥፋት ነበረብኝ። አላጠፋሁም። ራሴን እያየሁ ነበር።

ከዚያ አማቴ በአዳራሹ በር ገቡ። በሩን ሞሉት።

ሳሎኑ ጸጥ አለ። ስኒ የሚያስቀምጥ እንኳ ጠፋ።

«ይቺ ማናት?» አሉ አማቴ።

የባለቤቴ እህት ስኒዋ ውስጥ አቀረቀረች። ትከሻዋ ይንቀጠቀጣል።

«እርስዎ ነዎት፣ እማማ።»

«እኔ? እኔ እኮ ያን ዓመት የነቢያትን ጾም ስጾም ከርሜ፣ ያን ቀሚስ ሁለት ጊዜ አስጠብቤዋለሁ!»

«ማሽኑ ነው፤ ሲሶ ጨምሮ ነው።»

«ሲሶ!»

ሲሶ ለቀዳሽ፣ ሲሶ ለነጋሽ ሲባል ሰምቻለሁ። ሲሶ ለአማት ሲባል ግን እኔም መስማቴ ነው። በዚህ መሐል ሙሽሪት ቬሎዋን ይዛ ብቅ አለች። ባለቤቴ ሸራውን አየች። ቀጥሎ እኔን አየችኝ። «አስተካክለው» አለች፣ በጣም በቀስታ። ብትጮህ ይሻለኝ ነበር።

ሪሞቱን ያዝኩ፤ እጄ ተንቀጠቀጠ። የነካሁት «ዙም» ሆነ። ዙም ደግሞ ስፋቱን አይነካም፤ ከላይና ከታች ይቆርጣል። የአማቴ ራስ ከነሻሹ ጠፋ። «አሁን ደግሞ አንገቴን ቆረጥከኝ!» ብለው ብድግ አሉ። እንደገና ነካሁ። በመጨረሻ «4 ለ3» መጣ። ሁሉም ሰው ወደ ልኩ ተመለሰ። ግራና ቀኝ ጥቁር ሆነ፤ መሐል ላይ 1996 ቁጭ አለች፤ ቀሚሱም ጠባብ፣ መርሰዲሱም መርሰዲስ።

አማቴ ግን አንገታቸውን ወደ ጥቁሩ ቦታ እያዘነበሉ ይፈልጋሉ።

«እህቴ የታለች? ከጎኔ ነበረች እኮ። ቆርጠህ አወጣሃት?»

እህታቸው ያን ቀን አዲስ አበባ አልነበሩም። ግን ማን ሊከራከር? እኔ «በሌላኛው ዲቪዲ ላይ ናቸው» አልኩ። ያኔ መብራት ሄደ። እንዲህ በልኩ የሄደ መብራት በሕይወቴ አላየሁም። ማራገቢያው ቀጥ አለ። ጨለማው ውስጥ የባለቤቴ እህት ያፈነችውን ሳቅ ለቀቀችው።

ማታ አማቴን እስከ ታክሲ ሸኘኋቸው። ደረጃውን በስልክ መብራት እያሳየሁ ስንወርድ ዝም ብለዋል። ይቅርታ ልጠይቅ ስዘጋጅ እጄን ያዝ አደረጉኝ።

«ልጄ፣ ያ ቅድም ሳታስተካክለው በፊት የነበረው…»

«ይቅርታ እማማ፣ ሁለተኛ አይደገምም።»

«እኔንስ አስቀይሞኛል። አንተን ግን ተስማምቶህ ነበር።» ጥቂት ደረጃ ወረዱ። «ለጥያቄ ሽማግሌ ስትልክ እንደዚያ ሆነህ ብትመጣ ኖሮ ሁለት ወር ባላስቸገርኩ።»