የት ነው ያደግሽው?

ጥርስ ሀኪም ቀየርኩ። ለሌላ ሰው ቀላል ነገር ሊሆን ይችላል፣ እኔ ግን 11 አመት ሙሉ አንድ ዶክተር ጋ ስመላለስ ኖሬ ለመቀየር ብቻ አንድ አመት ፈጅቶብኛል፣ አስባለሁ ደግሞ እተወዋለሁ፣ ደግሞ አስባለሁ። ያስቆየኝ ብር አይደለም፣ ፍርሀትም አይደለም፣ ይሉኝታ ነው። ዶክተሩ ትልቅ ሰው ናቸው፣ «ልጄ» ነው የሚሉኝ፣ ሰርጌ ላይ ተገኝተዋል፣ ልጄን ስወልድ ገንፎ ቀምሰው መርቀውኛል። እንደዚህ አይነት ሰው ትቶ ሌላ ጋ መሄድ እኛ ዘንድ ምን ማለት እንደሆነ ታውቁታላችሁ፣ ዘመድ እንደመካድ ነው የሚሰማው።

ነገሩ እንዲገባችሁ ከጥርሴ ልጀምር። ተወልጄ ያደግኩት ወንጂ ነው፣ ስኳር ፋብሪካው ካምፕ ውስጥ። አባቴ የፋብሪካው ሰራተኛ ነበር፣ እማዬ ደግሞ በ20 አመቷ አግብታው ነው ከጎጃም የመጣችው። የኔ የፊት ጥርሶች ቡናማ ናቸው። የላይኞቹ ሁለቱ መሀላቸው ላይ ወፍራም ሻይ የፈሰሰበት የሚመስል መስመር አላቸው፣ ጎን ያሉት ነጣ ነጣ ያለ ደመና የመሰለ ነገር አለባቸው፣ አንዱ ላይ ደግሞ በምላስ ሲነኩት የሚታወቅ ጥቃቅን ጎድጓዳ አለ። ወንጂ እያለሁ ይሄ ጉዳይ ሆኖ አያውቅም ምክንያቱም አብረውኝ ካደጉት ልጆች ብዙዎቹ እንደዛው ናቸው፣ ሁላችንም አንድ ነን በቃ፣ ማን ማንን ያያል። ዩኒቨርሲቲ ደርሶኝ አዲስ አበባ ስመጣ ነው ያወቅኩት። ዶርም ውስጥ አንዷ ልጅ፣ ክፋት አስባ አይደለም ከልቧ አዝናልኝ ነው፣ ድምጿን ቀንሳ «ሲጋራ ታጨሻለሽ እንዴ?» አለችኝ። ከዛን ቀን ጀምሮ ስስቅ እጄ ወደ አፌ ይሄዳል። የምረቃ ፎቶዬ ላይ አፌ ዝግ ነው፣ የሰርግ ቪዲዮዬ ላይ ሰው ሁሉ ሲጨፍር እኔ ቀኝ እጄ ከከንፈሬ አይወርድም፣ አሁንም ሳየው ያመኛል።

የእማዬ ጥርስ ግን በረዶ ነው። ድዷን በልጅነቷ ተነቅሳለች፣ በዛ ጥቁር ድድ ላይ ያ ነጭ ጥርስ ሲታይ ዛሬም እንዴት እንደሚያምርባት። ጎረቤቱ ሁሉ «አንቺ ከማን ወጣሽ?» ይለኝ ነበር፣ እናትሽ በመፋቂያ ብቻ እንዲህ ሆና አንቺ በሳሙና እየቦረሽሽ ምን ነካሽ ነው ነገሩ። እሷም መፋቂያው ነው ብላ ስለምታምን እስከዛሬ ወይራ እያስቆረጠች ሰው በተገኘ ቁጥር ትልክልኛለች።

የድሮው ዶክተሬ ጋ በሄድኩ ቁጥር የመጀመሪያው ቃል «ልጄ፣ በደንብ አትቦርሺም» ነው። ከዛ ያጥቡኛል። በስድስት ወር አንዴ፣ አንዳንዴም በአራት ወር፣ ያ የሚጮኸው ማሽን ውሀ እየረጨ ይፍቀኛል፣ ደም እተፋለሁ፣ ሁለት ቀን ቀዝቃዛ ነገር መጠጣት አልችልም፣ ቡናማው ግን እዛው ቁጭ ብሏል። እኔ ደግሞ አምናቸው ነበር። ጥፋቱ የኔ ነው ብዬ በቀን ሶስቴ በጠንካራ ብሩሽ ስፈትግ ኖርኩ፣ አንድ ሰሞን ሎሚና ቤኪንግ ሶዳ ቀላቅዬ አሸሁት (እባካችሁ እንዳታደርጉት፣ አሲድ ጥርስን ይበላል)። ድዴ ሸሸ እንጂ ምንም የመጣ ለውጥ የለም።

እንደዛም ሆኖ አልቀየርኩም። ያስቀየረኝ የታችኛው ቀኝ መንጋጋዬ ነው። ተቦርቡሮ አስሞላሁት፣ ሙሌቱ በስድስት ወሩ እሸት በቆሎ ስበላ ወደቀ። እንደገና አስሞላሁ፣ ቆሎ ላይ ወደቀ። ሶስተኛው የወደቀው ዳቦ ላይ ነው፣ ለስላሳ ዳቦ ላይ። ሶስቱንም ጊዜ ራጅ አልተነሳሁም፣ ከስር ምን አለ ብሎ ያየም የለም፣ አፍ ክፈቺ፣ ሙሌት፣ ንከሺ፣ አበቃ። እኔም አልጠየቅኩም። ትልቅ ሰው እንዴት ራጅ አያነሱኝም ወይ ተብሎ ይጠየቃል?

ከሶስተኛው በኋላ አንድ ሌሊት ህመሙ መጣ። የጥርስ ህመም የያዘው ሰው ያውቀዋል፣ ከልብ ምት ጋር ነው የሚመታው፣ ጋደም ስል ይብሳል ቁጭ ስል ትንሽ ይተወኛል፣ ስለዚህ ሶፋ ላይ ቁጭ ብዬ ነጋ። ቅርንፉድ ነክሼ ያዝኩበት እማዬ ድሮ እንደምታደርግልን፣ ምላሴ ደነዘዘ፣ ለግማሽ ሰአት ያህል ያስታግስና ይመለሳል። ያን ሌሊት ነው የወሰንኩት። ጠዋት የስራ ባልደረባዬ ወደምትታከምበት ክሊኒክ ደወልኩ፣ እየደወልኩ ራሱ የሆነ ሰው የሚያየኝ ይመስለኝ ነበር።

አዲሷ ዶክተር በእድሜ እኩያዬ ብትሆን ነው። ወንበሩን አላጋደመችውም፣ መጀመሪያ ቁጭ እንዳልኩ ከፊት ለፊቴ ተቀምጣ የሚያመኝን ጠየቀችኝ፣ ስንት ጊዜ እንደወደቀ፣ ሙቅ ነው ቀዝቃዛ የሚያስነሳው፣ ሌሊት ይቀሰቅስሻል ወይ። ከዛ አፌን ከፈትኩ፣ አየት አደረገችና መስታወቷን አወጣች፣

«የት ነው ያደግሽው?»

ወንጂ አልኳት። «እ፣ ውሀው ነዋ» አለች፣ እንዲሁ እንደቀላል ነገር። ምን ብዬ ልንገራችሁ፣ እምባዬ መጣ። 16 አመት እኮ ነው። ከዶርም ጀምሮ 16 አመት በቆሸሸ ሰው ስሜት የኖርኩበትን ነገር በአንድ ጥያቄ ፈታችው።

ካስረዳችኝ የገባኝን ልንገራችሁ ምክንያቱም ከስምጥ ሸለቆ አካባቢ የመጣ ሰው ሁሉ ይሄን ማወቅ አለበት ብዬ ስለማምን። ወንጂ፣ መተሃራ፣ ዝዋይ፣ ሀዋሳ፣ በዛ መስመር ያለው የከርሰ ምድር ውሀ ከእሳተ ገሞራ ድንጋይ ውስጥ ፍሎራይድ የሚባል ማዕድን እያሟሟ ነው የሚመጣው። የአለም ጤና ድርጅት በአንድ ሊትር ከ1.5 ሚሊግራም ባይበልጥ ይላል፣ እዛ አካባቢ ያሉ ብዙ ጉድጓዶች ግን ከዚህ ብዙ እጥፍ ያላቸው ናቸው። እና ፍሎራይዱ ጥርሱን የሚያበላሸው ጥርስ ገና መንጋጋ ውስጥ እየተሰራ እያለ ነው፣ ማለትም ልጁ ስምንት አመት አካባቢ እስኪሞላው ድረስ ባለው ጊዜ። ኢናሜል የሚባለው የላይኛው ጠንካራ ልባስ ሲሰራ ስለሚበላሽ ጥርሱ ሲወጣም እንደዛው ሆኖ ይወጣል። ቀለሙ ጥርሱ ውስጥ ነው ማለት ነው፣ ላዩ ላይ የተለጠፈ አይደለም። እጥበት የሚያነሳው ላዩ ላይ የተጋገረውን ስለሆነ ሺህ ጊዜ ብታጠብ አይለቅም። እማዬም ወንጂ የመጣችው ጥርሷ ተሰርቶ ካለቀ በኋላ ነው፣ ያንኑ ውሀ ከኛ ጋር ጠጥታ ጥርሷ በረዶ ሆኖ የቀረው ለዛ ነው።

ከዛ መንጋጋውን ራጅ አነሳችኝና ስክሪኑን ወደኔ አዞረችው። ከሙሌቱ ስር ጥቁር ጥላ አለ፣ እየቀጠለ ነርቩ ድረስ ወርዷል። መጀመሪያ ሲሞላ የተበላሸው በደንብ አልወጣም ወይም ከስር እንደገና ጀምሯል፣ የትኛው እንደሆነ አሁን መለየት አይቻልም አለችኝ፣ የሰው ስም አላነሳችም፣ ያንንም ወደድኩላት። ምርጫው ወይ ማስነቀል ወይ ሩት ካናል ነው፣ ማለትም የታመመውን ነርቭ አውጥቶ የጥርሱን ውስጥ አጥቦ መድፈን፣ ብላ የሁለቱንም ዋጋ፣ የቀጠሮውን ብዛት፣ በኋላ ክራውን የሚባል ጥርሱን እንደ ቆብ የሚሸፍን ነገር እንደሚያስፈልገው ጭምር ወረቀት ላይ ጽፋ ሰጠችኝ፣ ሄደሽ አስቢበት አለችኝ። ርካሽ አይደለም፣ አልዋሻችሁም። ግን 11 አመት ውስጥ አስቢበት ያለኝ ሰው አልነበረም።

ሩት ካናል ብዙ ሰው ስለሚፈራ ያየሁትን ልናገር። ማደንዘዣው ሲወጋ ነው ያመመኝ፣ ከዛ በኋላ አላመመኝም። ጥርሴን ብቻ አሾልኮ ሌላውን አፌን የሚሸፍን አረንጓዴ ላስቲክ ወጠረችበት። ለምን እንደሆነ የገባኝ ቆይቶ በረኪና በረኪና ሲሸተኝ ነው፣ ስጠይቃት አዎ የሚታጠብበት መድሀኒት የበረኪና ዘር ነው፣ ላስቲኩ ወደ ጉሮሮሽ እንዳይገባ ነው አለችኝ። ስሩ ውስጥ ያሉት የነርቩ ቱቦዎች ሶስት ነበሩ። ለእያንዳንዱ መርፌ የሚያካክሉ ቀጫጭን ሞረዶች አሉ፣ እጀታቸው ቀለም አለው፣ ነጭ፣ ቢጫ፣ ቀይ፣ ሰማያዊ፣ እየወፈሩ ነው የሚሄዱት፣ እያንዳንዷን ስትቀይር ስፖንጅ ላይ ትሰካታለች። ከንፈሬ ላይ የተንጠለጠለች ሽቦ ከትንሽ ማሽን ጋር ተያይዛለች፣ ሞረዱ ወደ ስሩ ጫፍ ሲጠጋ ማሽኑ ቲት ቲት ይላል፣ ጫፉ ጋ ሲደርስ ይፈጥናል። እሷ ማሽኑን እያዳመጠች በሁለት ጣት ብቻ ቀስ ብላ ታሽከረክራለች። የአንድ ሰው እጅ ለኔ አንድ ጥርስ እንደዚህ ሲጠነቀቅ አይቼ አላውቅም።

በመጨረሻ ለጊዜው የምትደፍንበትን ነገር ስታቦካ ክፍሉ ቅርንፉድ ቅርንፉድ ሸተተ። ላስቲኩ ከወጣልኝ በኋላ ጠየቅኳት፣ ከቅርንፉድ ዘይት የሚወጣ ነገር አለበት አለችኝ። እማዬ ጥርሳችን ላይ የምታስይዘን ያ ቅርንፉድ! ደስ አለኝ፣ ለምን እንደሆነ እኔም አላውቅም።

ከሁለተኛው ቀጠሮ በፊት ዶክተሯ የድሮ ካርዴን ማየት ፈለገች። መብትሽ ነው፣ ኮፒ ይሰጡሻል አለችኝ። ሶስት ቀን ሰው ልኬ ላስመጣ ወይስ ራሴ ልሂድ እያልኩ ቆይቼ ሄድኩ። ሪሴፕሽኗን በቀስታ ሳናግር ዶክተሩ ራሳቸው ከውስጥ ወጡ።

«ጠፋሽ እኮ ልጄ!»

«ዶክተር፣ ሌላ ጋ ጀምሬ ነው። ካርዴን ፈልጌ ነው የመጣሁት።» ድምጼ ይንቀጠቀጥ ነበር።

መነጽራቸውን አወለቁ። «ምን አጎደልኩብሽ?» አሉኝ፣ ተቆጥተው አይደለም። ያኔ ጥርሴን ነክሼ ተናገርኩ፣ ሙሌቱ ሶስት ጊዜ ሲወድቅ ራጅ እንዳላነሱኝ፣ ጥርሴ ደግሞ የወንጂ ውሀ እንደሆነ እና አትቦርሺም ሲሉኝ ለአመታት እንዴት እንዳፈርኩ። ዝም ብለው ሰሙኝ። «ወንጂ ነው እንዴ ያደግሽው?» አሉ በመጨረሻ፣ እና ልጅቷን ካርዱን ኮፒ አድርጊላት አሏት፣ በር ድረስ ሸኙኝ። ታክሲ ውስጥ ካርዱን አገላበጥኩት፣ ገጹ ሙሉ በሳቸው እጅ ጽሁፍ እጥበት፣ እጥበት፣ እጥበት ይላል። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ዛሬም አከብራቸዋለሁ፣ ደግሞም አዝኜባቸዋለሁ፣ ሁለቱም እውነት ነው።

ክራውኑ የሚገባው የሚቀጥለው ማክሰኞ ነው። የፊት ጥርሶቼን ገና አልወሰንኩም፣ ላዩን ስስ አድርጎ መሞረድ አለ፣ ማንጣት አለ፣ የጥርስ ቀለም ባለው ነገር መሸፈን አለ፣ ዶክተሯ አትቸኩዪ ብላኛለች። የአራት አመት ልጄንም ወስጄ አሳየኋት፣ እሷ እዚህ ስለተወለደች ጥርሷ ንጹህ ነው፣ ፍሎራይድ ያለውን ሳሙና እንተወው ወይ ስላት የለም፣ ከ3 እስከ 6 አመት የአተር ፍሬ የምታክል ብቻ አድርጊላት፣ እንዳትውጥ ተከታተያት አለችኝ።

ወንድሜ ጋ ደወልኩ፣ አዳማ ነው ያለው፣ ጺሙን ከንፈሩ ላይ የሚያስረዝመው ለምን እንደሆነ እኔ ነኝ የማውቀው። ቅዳሜ ይመጣል። ከዛ እማዬ ጋ ደወልኩና ሁሉንም ነገርኳት። ዝም አለች፣ መስመሩ የተቋረጠ መስሎኝ ነበር። «እኔ ነኛ እያፈላሁ ያጠጣኋችሁ» አለችኝ። ማፍላት ፍሎራይዱን አያወጣውም፣ ግን ከተቅማጥ አድኖናል፣ ውሀው ነው እንጂ አንቺ ምን አጠፋሽ እማዬ አልኳት፣ ደጋግሜ አልኳት። ትንሽ ቆይታ «ታዲያ መፋቂያውን ይቅር ወይስ ልላከው?» አለች።

ላኪው አልኳት፣ ቅዳሜ ወንድሜ ይዞልኝ ይመጣል።